ቀኝ፣ ታች፣ ግራ፣ ግራ፣ ላይ፦ የአራት ቁጥር አውቶብስ ረዳት ደብተር

መጋቢት 2፣ ሰኞ

ይህን ደብተር የገዛሁት ለሌላ ጉዳይ ነበር። የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ቀኝ፣ ታች፣ ግራ፣ ግራ፣ ላይ» እያለ የሚወርድ አምስት መስመር ተጽፎበታል። ጉዳዩ አልቋል። ልቀድደው አልኩና ከፊት አንድ ሲቀደድ ከኋላም አንድ ይረግፋል ብዬ ተውኩት። ከሁለተኛው ገጽ እጀምራለሁ።

ትልቋ ልጄ ናት «እማዬ፣ ሰው ላይ ከምትናገሪው ወረቀት ላይ ተናገሪው፤ ወረቀት አይቀየምም» ያለችኝ። እንግዲህ ወረቀት ሆይ ስማ፦ የገዛ ባሌ አስጠላኝ።

እኔ የትምህርት ቤት አውቶብስ ረዳት ነኝ። ልጆቹን ከየበራቸው እቀበላለሁ፣ አስቀምጣለሁ፣ ቀበቶ አስራለሁ፣ አፍንጫ እጠርጋለሁ፣ አወርዳለሁ። ባሌ ሹፌሩ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ነድቶ ጭረት የለበትም። ይህን የማያውቅ ሰው የለም፤ ምክንያቱም በየቀኑ ይነግራቸዋል። ግቢው ውስጥ «ካፒቴን» ነው የሚሉት።

ዛሬ ጠዋት ዳገቱ ላይ፣ መታጠፊያው ጋ፣ ባሌ ሲሚንቶ የጫነውን መኪና ልቅደም ብሎ ወጣ። አርባ አንድ ልጅ ጭነናል። «ኧረ ነጭ መኪና እየመጣች ነው! ግባ! ወደ ቀኝህ ግባ!» ብዬ ጮህኩ። ገባ። ነጯ ጥሩምባዋን እያስጮኸች በጎናችን ሽው አለች። እሱ ስቴኪኒውን ከግራ ጥርሱ ወደ ቀኝ ጥርሱ አዛውሮ ምን ቢል ጥሩ ነው?

«አየሻት? ራሷ ፈርታ ዳር ያዘችልኝ።»

ጥርሰ ወላቃዋ አስመለሰች። ሁለት የፊት ጥርሶቿ የወለቁ የሰባት ዓመት ልጅ ናት፣ ከኋላዬ ነው የምትቀመጠው፣ በሳምንት ሦስት ቀን ታስመልሳለች። «ሆዷ ነው፤ እናቷ ወተት አጠጥታ እየላከቻት» ይላል እሱ። እኔ ጎንበስ ብዬ እጠርጋለሁ፣ እሱ በመስታወት እያየኝ ያፏጫል። እጄን በሳሙና ሦስቴ ታጥቤ አሁንም ይሸተኛል።


መጋቢት 4፣ ረቡዕ

ችኮላ ላይ ነኝ። ጭጋግ ነበር። ፈጠነ። ቀበቶ አላሰረም፤ «ሆዴን ይቆርጠኛል።» የዳቦ ቤቱን አደባባይ በስልክ እያወራ ዞረ። ከአፌ ቃል አልተቋረጠም፣ ጉሮሮዬ ነደደ። ጥርሰ ወላቃዋ፦ አዎ፣ ዛሬም።


መጋቢት 6፣ ዓርብ

ልጆቹ እስኪለቀቁ ሹፌሮቹ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ይቀመጣሉ። እኔ አውቶብስ ስጠርግ መስኮቱ ክፍት ስለሆነ ሁሉን እሰማለሁ። ለካ ወንድ ሰብሰብ ሲል ወሬው ሁለት ብቻ ነው፦ ማንን ቀደምኩ፣ ማን አልቀደመኝም።

«ከድልድዩ እስከ ትምህርት ቤቱ በአሥራ አንድ ደቂቃ» አለ ወፍራሙ፣ ባለ ሰባት ቁጥሩ።

«እኔ በዘጠኝ» አለ ባሌ።

ባለ ሰባት ቁጥሩ ባለፈው ሳምንት አንዲት ውሻ ገጭቶ ሳይቆም አልፏል። ጠጉሯ እስከ ዛሬ ጎማው ላይ ተለጥፏል። «እሷን ባላገኝ እኔም ዘጠኝ እገባ ነበር» ሲል ሁሉም ሳቁ።

ከዚያ ወደ ኤሊው ዞሩ። ኤሊው የስድስት ቁጥር ሹፌር ነው፣ ቀጭን፣ ረጋ ያለ ልጅ፤ ከአርባ በላይ ስለማይነዳ ነው ኤሊ ያሉት።

«ኤሊው! ዛሬስ ስንት እግረኛ ቀደመህ?»

«ሁለት። አንዷ ምርኩዝ ይዛ ነበር» አለ። ራሱም ሳቀ።

«ፍሬን የሚያበዛ ሰው እጁን የማያምን ነው» አለ የኔው ካፒቴን።

«እጄንማ አምናለሁ፣ ጋሼ። የማላምነው የሰውን እግር ነው፤ መቼ ወደ መንገድ እንደሚገባ አይናገርም።»

«ወሬ! እጅ ካለ ዓይን ትርፍ ነው! ይህን መንገድ ዓይኔን በጨርቅ አስረህ አስነዳኝ!»

ሳቁ ግቢውን ሞላው። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ የባልዲውን ውሃ አየሁት፦ ትውከት፣ ጭቃ፣ የማስቲካ ወረቀት፣ የእሱ ስቴኪኒዎች። መሳቄ አስጠላኝ።


መጋቢት 10፣ ማክሰኞ

ሥልጠና ነበር። ሹፌርም ረዳትም ግዴታ ነው ተባለ። አሰልጣኟ ወጣት ሴት ናት፣ ድምፅዋ ቀጭን፣ ዓይኗ ግን መርፌ ነው። ገና ሰላም እንዳለች፦

«እዚህ ክፍል ውስጥ ካለው መካከለኛ ሹፌር እኔ እበልጣለሁ የሚል እጁን ያውጣ።»

ሹፌሮቹ ሃያ አራት ናቸው። ሃያ ሦስት እጅ ወጣ። ባሌማ ሁለቱንም ነው ያወጣው።

«ታዲያ ከመካከለኛው የምትበልጡት ሃያ ሦስት ከሆናችሁ፣ መካከለኛው የታለ?»

«ያውልሽ!» ብለው ሁሉም ወደ ኤሊው ጠቆሙ። ሳቅ በሳቅ።

እሷ አልሳቀችም። «ተጋጭተው አጥንታቸው የተሰበረ ሹፌሮችን አልጋቸው ድረስ ሄጄ ይህንኑ ጠይቄ አውቃለሁ። እግራቸው በጀሶ ተይዞ እነሱም እጃቸውን ያወጣሉ» አለች። ባለ ሰባት ቁጥሩ «እነሱ ዕድላቸው ነው» አለ።

ከዚያ ሠላሳ ጥያቄ ያለበት ወረቀት ታደለ። ባሌ የራሱን ወደኔ ገፋው። «ጽሑፍሽ ያምራል፣ አንቺ ሙዪው።» ሁልጊዜ ነው፤ ቤት ውስጥም የመብራቱን ደረሰኝ የማነበው እኔ፣ ስልኩ ላይ የሚመጣውን የማነበው እኔ። ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩት ሴትዮ የቤቱ ጸሐፊ ሆኛለሁ።

«ከተወሰነው ፍጥነት በላይ እነዳለሁ ይላል» አልኩት በሹክሹክታ።

«በጭራሽ በይ።»

«እየነዳሁ በስልክ አወራለሁ።»

«በጭራሽ።»

«ቀበቶ?»

«ሁልጊዜ። ምን ታፈጥጫለሽ፣ ጻፊ!»

«የመንገድ ሕግ የሰው ሕይወት ያድናል።»

«እጅግ በጣም እስማማለሁ።» ይህን ሲል ፊቱን አየሁት። አልዋሸም። የምሩን ነው። ሕጉ ያድናል፤ ሕጉ ያስፈልጋል፤ ለሌሎች።

ከሰዓት አሰልጣኟ ጥሩ አመለካከት የታየባቸውን ወረቀቶች ስታነብ አራት ቁጥር አንደኛ ወጣ። «ጽሑፉም ያምራል» አለች። ጭብጨባ። እሱ ተነስቶ እጅ ነሳ። እኔም አጨበጨብኩ፤ መዳፌ እስኪቀላ። ስገባ የራት ሽታ አስጠላኝና ሳልበላ ተኛሁ።


መጋቢት 18፣ ረቡዕ

ባሌን ሆዱን አሞት ትናንትና ዛሬ ኤሊው በአራት ቁጥር ተተካ፤ የእሱን መስመር ሌላ ሰው ሸፈነው።

መድረሻችን ስድስት ደቂቃ ዘገየ። ጥርሰ ወላቃዋ አላስመለሰችም። ትናንትም ዛሬም። ወተት ጠጥተሽ ነው? አልኳት። ጠጥቻለሁ አለች።

ሌላው ነገር፣ መንገዱን ሙሉ አልተናገርኩም። ኤሊው ራሱ ገረመው። «እትዬ፣ ምነው ዛሬ ዝም አሉ? የእርስዎ ድምፅ ከሞተሩ ይበልጣል ይሉኝ ነበር እኮ።» የሚነገር ነገር አልነበረማ። መብራቱ ሲቀላ ይቆማል፣ ሰው ሲሻገር ይቆማል። መስኮቱን ተደግፌ እንቅልፍ ሊወስደኝ ነበር። እንግዳ ሰው ስለሆነ አፍሬ ይሆናል።


መጋቢት 21፣ ቅዳሜ

ሻይ ሲቀዳ ከስኒው ውጪ ቀዳው። ጠረጴዛው ላይ ፈስሶ ጭኑ ላይ ሲንጠባጠብ ነው ያወቀው። «ይህ አምፖል ነው! ጨለማ ቤት አስቀምጠሽኝ!» ብሎ ጮኸ። ወጥቼ ትልቁን አምፖል ገዛሁ። ቤቱ ፀሐይ መሰለ። በበራው ቤት ውስጥ ደግሞ አንድ እግሩ ላይ ቡናማ፣ አንዱ ላይ ጥቁር ጫማ አድርጎ ወጣ።

ዕድሜ ነው። ሁላችንም ላይ ነው። እኔስ ክር መርፌ ውስጥ ለማስገባት ስንቴ ነው የምሞክረው።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ትለኝ ነበር እናቴ። ለምን አሁን ትዝ አለችኝ?


ሚያዝያ 1፣ ማክሰኞ

ድምፄ ጠፋ። ከእሁድ ጀምሮ ጉሮሮዬ ሲፋቅ ነበር፣ ዛሬ ጠዋት «ደህና አደርክ» ልለው አፌን ብከፍት እንደ ተበሳ ጎማ አየር ብቻ ወጣ። የመድኃኒት ቤቷ ልጅ ጉሮሮዬን በባትሪ አይታ «እማማ፣ ለአምስት ቀን አንድ ቃል እንዳይናገሩ። ሹክሹክታም ቢሆን» አለችኝ።

እሱ በሳቅ ሞተ። «ሠላሳ ዓመት የለመንኩት ተሰማልኝ!» ግቢው ውስጥም አወራው። «ነገ በሰላም ልነዳ ነው» አላቸው።

ዝም አይነቅዝም ይባል የለ። ቤት ልቅር ብዬ አሰብኩ። ግን ልጆቹን ማን ያስራቸዋል?


ሚያዝያ 2፣ ረቡዕ

ማንም አልሞተም። ማንም አልሞተም። ነገ እጽፋለሁ።


ሚያዝያ 3፣ ሐሙስ

ከዳቦ ቤቱ በታች መንገዱ ግማሹ ለቧንቧ ተቆፍሯል። ዝናብ ያካፋል። አንድ ሠራተኛ ብርቱካንማ ሰደርያ ለብሶ መሐል ቆሞ ቀይ ባንዲራ ያውለበልባል፤ ቁሙ ነው። እኔ ከሩቅ አየሁት። ስልሳ እርምጃ ይሆናል። ስልሳ እርምጃ ብዙ ነው፤ በተለመደው ቀን «ያውልህ ቀይ ጨርቅ፣ ሰውዬ ቆሟል፣ ቀስ» ብዬ ሌላም ወሬ የምጨምርበት ነው።

አፌን ከፈትኩ። አየር።

እሱ እያፏጨ ነው። እግሩ ነዳጁ ላይ ነው። ቁልፌን ከኪሴ አውጥቼ የመያዣውን ብረት ደበደብኩ። እና እሱ ምን አደረገ? ፊቱን ወደኔ አዞረ! «ምን ሆነሻል?» አለኝ። መንገዱን ትቶ እኔን አየ። በጣቴ ወደ ፊት ጠቆምኩ። ያኔም፣ እምልልሃለሁ ወረቀት፣ ያኔም ፊቱን መልሶ ለአንድ ትንፋሽ ያህል ፈለገ። ፈለገ ነው የምለው። ዓይኑ እንደ እጅ ዳበሰ።

ፍሬኑን ሲረግጥ ሰውየው ወደ ጉድጓዱ ዘሎ ነበር። የፊት ጎማችን ተከትሎት ገባ። ልጆቹ እንደ ድንች ከረጢት ወደ ፊት ተናዱ። ጥርሰ ወላቃዋ አገጯ የፊት ወንበሩን ብረት መታ። ደሟ ነጭ ሸሚዟን ሞላው። ቀበቶዋን አስሬላት ነበር? አስሬላት ነበር። ይመስለኛል። ሌላ ቀን «እሰሩ!» እላቸውና ሁሉም ራሳቸው ቀጭ ቀጭ ያደርጉታል፤ ትናንት ድምፅ አልነበረኝም።

አራት ቦታ ተሰፋች። ሠራተኛው ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረ።

ከሰዓት የስምሪት ኃላፊው ቢሮ ተጠራን። ባሌና እኔን ጎን ለጎን አስቀምጦ የአደጋ ሪፖርት ሰጠንና ስልክ ለማናገር ወጣ። ወረቀቱ ወደኔ ተገፋ። ሁልጊዜ እንደሚሆነው።

«ጻፊ። ሠራተኛው ባንዲራ አልያዘም። ድንገት ከጉድጓዱ ውስጥ ወጣ።»

እስክሪብቶውን አቆምኩ። አየሁት። እጁን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ፤ ከባድ ነው። «ሠላሳ አንድ ዓመት» አለኝ በጆሮዬ። ትንፋሹ ስቴኪኒና ሲጋራ ይሸታል። «ልታጠፊብኝ ነው?»

ድምፅ አልነበረኝም፤ እጅ ግን ነበረኝ። ጻፍኩ። ከታች ምስክር የሚለው ላይም የራሴን ፈረምኩ። ሪፖርት አቅራቢውም ምስክሩም አንድ ጽሑፍ ነው፤ ኃላፊው መጥቶ አንብቦ «ጥሩ፣ ግልጽ ነው» አለ።


ሚያዝያ 8፣ ማክሰኞ

ድምፄ ተመለሰ። ባይመለስ በወደድኩ።

አውቶብሷ ተጠግና ሥራ ጀምረናል። እና ወሬው ምን እንደሆነ ልንገርህ? ካፒቴን ልጆቹን አዳናቸው! «ሌላ ሹፌር ቢሆን ተገልብጦ ነበር» ይላሉ። ባለ ሰባት ቁጥሩ መሪውን እንዴት እንደጠመዘዘ በሁለት እጁ እያሳየ ይተርካል፤ እሱ እዚያ አልነበረም። ርዕሰ መምህሯ በሰልፍ ላይ አስጨበጨበችለት። የጥርሰ ወላቃዋ እናት፣ ልጇ አገጯ ላይ ፋሻ ለጥፋ አጠገቧ ቆማ፣ እጁን ልትስም ጎንበስ አለች። እሱም፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ዘረጋላት!

አንገሸገሸኝ። በአፍ የገባ ዝንብ እንኳ ይተፋል፤ ይህን ምን አድርጌ ልትፋው?

ጭራሽ አሁን ይበልጥ ይፈጥናል። ዛሬ ድልድዩ ላይ ሁለት መኪና በአንዴ ቀደመ። «ዕድል አይደለም፣ ሙያ ነው» አለኝ፣ ሳልጠይቀው። እኔ ደግሞ ተመልሼ ለፈለፍኩ፦ ቀይ ነው፣ ልጅ አለ፣ ሴትዮዋን ጠብቃት፣ ጉድጓድ። ድምፄ ገና ሳይድን እንደ ተሰነጠቀ ቱቦ እያፏጨ።


ሚያዝያ 11፣ ዓርብ

ባንዲራ ያዡ ግቢ ድረስ መጣ። በሁለት ክራንች። ሥራ እንዳይገባ ታግዷል፤ «ባንዲራ ሳይዝ ቆሞ አደጋ አስከትሏል» ተብሎ። ሪፖርቱ እንዲታይለት ሊለምን ነው የመጣው።

ዛፍ ሥር ያሉት ተቀባበሉት። «ወንድሜ፣ ባንዲራህን ራስህ ላይ አስረህ ተኝተህ ነበር?» አለው ባለ ሰባት ቁጥሩ። ባሌ ጥርሱን ይጎረጉራል። ኤሊው ብቻ ተነስቶ ወንበር ሰጠው።

ሰውየው አልተቀመጠም። አውቶብሷ በር ላይ መጥረጊያ ይዤ ወደ ቆምኩት ወደኔ መጣ።

«እትዬ፣ እርስዎ አይተውኛል። እኔ ነጂውን አላየሁትም፤ እርስዎን ነው ያየሁት። አፍዎን ከፍተው ነበር። ዓይን ለዓይን ተያይተናል።»

ሳልኩ። ጉሮሮዬን በእጄ አሳየሁት፣ ድምፅ የለኝም እንደማለት። ድምፄ ከተመለሰ አራት ቀኑ ነው።

«ይማርዎት» አለኝና ሄደ። ክራንቹ ጠጠሩ ላይ ቀጭ ቀጭ ይላል።

ባሌ አስጠላኝ እያልኩ ስንት ገጽ ሞላሁ። ዛሬ መስታወት ፊት ፀጉሬን ሳበጥር ፊቴን አየሁትና መብራቱን አጠፋሁት። ያንን ትልቁን አምፖል።


ሚያዝያ 15፣ ማክሰኞ

የጻፍኩት ሁሉ ከዛሬው ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም።

ቀድመን ደርሰን ልጆቹ በዕረፍት ሜዳው ላይ ነበሩ። የእኛ አውቶብስ ልጆች አጥሩ ሥር ይጫወታሉ። ሰባት ስምንት ሆነው እንደ ባቡር ተቀጣጥለዋል። ፊት ያለው ልጅ በእጁ የሌለ መሪ ይዟል፤ ዓይኑን ጨፍኗል። ጭፍን አድርጎ! አጠገቡ ጥርሰ ወላቃዋ፣ ፋሻዋን ለጥፋ፣ አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ እንደኔ አጎንብሳ ትጮሃለች፦

«ቀይ ነው! ልጅ አለ! ወደ ቀኝህ! ኧረ ሴትዮዋን ጠብቃት! ጉድጓድ፣ ጉድጓድ!»

ዓይኑን የጨፈነው በቃሏ ይታጠፋል፣ ይቆማል። ከዚያ እሷ ድንገት አፏን በሁለት እጇ ከደነች። ልጁ ሮጦ ሄዶ አጥሩን ገጨ፤ ሁሉም ተንጋለው ወደቁ፤ ሳቁ፤ ተነሱ፤ ተረኛ ቀየሩ።

ጠራኋት። «ምን ዓይነት ጨዋታ ነው ይሄ?»

«አራት ቁጥር ነዋ!»

«ለምንድን ነው ዓይኑን የሚጨፍነው?»

እንደ ሞኝ አየችኝ። «ጋሼ አያይማ። አንቺ አይደለሽ የምትነግሪው? ሁላችንም እናውቃለን።» ቀጥላም፣ ያለ ጥርስ በምትነፋው አፏ፣ «እትዬ፣ ያን ቀን ግን ለምን ዝም አልሽ?»

አርባ አንድ ልጅ ያውቃል።

ማታ ራት በልተን እሱ አምፖሉ ሥር ተቀመጠ። ይህን ደብተር አወጣሁ። ስለ መጀመሪያው ገጽ ካሁን ወዲያ «ሌላ ጉዳይ» አልልም። ባለፈው ዓመት መንጃ ፈቃዱ ሲታደስ ዓይኑ ተመርምሮ ወደቀ። ግድግዳ ላይ ሹካ የመሰሉ ምልክቶች አሉ፤ ጣታቸው ወዴት እንደዞረ ትናገራለህ። እሱ ከሁለተኛው መስመር አላለፈም። መርማሪው «ደክሞህ ይሆናል፣ በሳምንቱ ተመለስ» አለው። ሰውየው ለምሳ ሲወጣ በሩ ክፍት ነበር። እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ገለበጥኩት፤ አምስቱንም መስመር፣ በሚያምረው ጽሑፌ። ሳምንቱን ሙሉ ጢሙን ሲላጭ አስጠናሁት። ቀኝ፣ ታች፣ ግራ፣ ግራ፣ ላይ። አለፈ። ኬክ ቆረስን።

ዛሬ ከደብተሩ መጨረሻ ባዶ ገጽ ገለጥኩና ከፊቱ አራት እርምጃ ርቄ ያዝኩት።

«ይህን አንብብልኝ» አልኩት።

«ምንድን ነው?»

«የምርመራው ሰሌዳ። እንዳለ ስዬዋለሁ። ሊጠሩህ ይችላሉ፣ እንለማመድ።»

ዓይኑን ጠበብ አደረገ። ተንጠራራ። ከዚያ ደረቱን ነፋ። «ቀኝ፣ ታች፣ ግራ፣ ግራ፣ ላይ» አለ። «ታች፣ ታች፣ ቀኝ...» አምስቱንም መስመር ወረደው። አንድ አልሳተም። ባዶ ወረቀት ላይ።

«አየሽ? ዓይኔ ጭልፊት ነው» አለኝ።

ሳቄም ለቅሶዬም አልመጣ አለ። «ጭልፊት» አልኩና ደብተሩን ዘጋሁት።


ሚያዝያ 16፣ ረቡዕ

ከመነሳታችን በፊት ስምሪት ኃላፊው ቢሮ ገባሁ። የመጀመሪያውን ገጽ ቀድጄ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። እንደፈራሁት ከኋላም አንድ ረገፈ።

«ሪፖርቱን እኔ ነኝ የጻፍኩት። ባንዲራ ይዞ ነበር። ቀይ። ከስልሳ እርምጃ ይታያል፤ ለሚያይ ሰው» አልኩት።

ኃላፊው ወረቀቱን አገላብጦ አየው። «ይህ ደግሞ ምንድን ነው?»

ነገርኩት። ሁሉንም፣ ወረቀቶቹን ሁሉ እኔ እንደሞላሁ፣ መንገዱን በአፌ እንደነዳሁ። ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተንፈራጠጠ። «እትዬ፣ አንቺም ትጠየቂያለሽ እኮ» አለኝ። አውቃለሁ አልኩ። «ካፒቴን እኮ ነው!» አለ ደግሞ፣ ለራሱ።

ስወጣ ባሌ መሪው ላይ ተቀምጦ ሞተር እያሞቀ ነው። «የት ጠፋሽ? ውጪ፣ ረፍዷል!» አለኝ። አልወጣሁም። በሩ ላይ ቆምኩ። ቁልፉን ሊቀበሉት ሲመጡ ማን እንደመጣ ከፊታቸው አላወቀም፤ «ማነው?» አለ፣ ወደኔ ዞሮ። አልነገርኩትም።


ሚያዝያ 27፣ እሁድ

አሥራ አንድ ቀን። ቃል አልወጣውም። ምግብ ሳቀርብ ይበላል፣ ስቴኪኒውን መሬት ላይ ይተፋል፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ሲተፋ አሁንም ያስጠላኛል። እገዳውን ተቀብያለሁ፤ እኔም ለአንድ ወር ከሥራ ታግጃለሁ። ባለ ሰባት ቁጥሩ ገበያ ላይ አግኝቶኝ «የገዛ ባሏን የሸጠች» ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። ባንዲራ ያዡ እግሩ ሲድን ሥራው ይመለስለታል አሉ። ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት። «ይማርዎት ብዬ ነበር እኮ» አለኝ፤ ሌላ አላለኝም። ሚስቱ ግን ከበሩ አላሳለፈችኝም፤ አልተቀየምኳትም። አራት ቁጥርን ኤሊው ይነዳታል። ጥርሰ ወላቃዋ አንድ ጥርስ ወጥቶላታል፤ እናቷ ናት የነገረችኝ፣ ዓይኔን ሳታይ።

ዓይኑን ሐኪም ልናሳይ ለነገ ቀጠሮ ይዣለሁ። ነግሬዋለሁ።

ዛሬ ከሰዓት ድንገት ተነስቶ ጫማውን አደረገ፤ ሁለቱም ጥቁር። ወጣ። ከኋላው ተከተልኩት፣ አሥር እርምጃ ያህል ርቄ። እስከ ትልቁ መንገድ ቀጥ ብሎ ሄደ፤ እግሩ መንገዱን ያውቀዋል። መብራቱ ጋ ሲደርስ ቆመ። መኪና ያልፋል፣ ያልፋል። አንድ እግሩን ወደ አስፋልቱ አወረደና መልሶ አነሳው። እንደገና አወረደ። አነሳው።

ሄጄ ከጎኑ ቆምኩ። አልዞረም። እኔ መሆኔን ግን አወቀ፤ በትንፋሼ ይሁን በምን እንጃ። ልናገር ብዬ አፌን ከፈትኩና ገጠምኩት። ሠላሳ ዓመት ሳይጠይቀኝ ነግሬዋለሁ፤ ዛሬስ ይጠይቀኝ።

ብዙ ቆየ። ስቴኪኒውን ከአፉ አወጣ፤ አልተፋውም፣ ኪሱ ከተተው።

«ምንድን ነው እሱ?» አለኝ፤ አገጩን ወደ መብራቱ አንስቶ። «ቀለሙ።»

«ቀይ።»

እግሩን ሰበሰበ። ቆምን። መኪኖቹ አለፉ፣ ሁለት አውቶብስም አለፈ።

«አሁንስ?»

«ገና ነው» አልኩት።